የመምህሩ ዐሥራ አራት መጻሕፍት

ጥቅምት 6

ለአጎቴ ልጅ ለጭምቱ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ብርድ ሲነካው የሚያምህ ጉልበትህ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን። እናቴ ዓይኗ ደከም አለ እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። በየሳምንቱ «ያ የወንድሜ ልጅ ጻፈ ወይ?» ትለኛለች። «ጽፏል፣ ጉልበቷን ሳሚልኝ ብሏል» እላታለሁ። ውሸቴን ነው። ስምንት ወር ሙሉ አንዲት መስመር አልጻፍክም። ይሁን፤ ጭምቱ ያልንህ በከንቱ አይደለም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ቆሽቴ አርሮ ነው።

አባትህ ጡረታ ሲወጡ ሦስት መቶ የሚሆኑ መጻሕፍታቸውን ለከተማው ቤተ መጻሕፍት እንደሰጡ ታውቃለህ። እኔው ነኝ ተቀብዬ የመዘገብኳቸው። ከነዚያ ውስጥ ዐሥራ አራቱ ስለ ኮከብ ቆጠራ፣ ስለ ጥንቆላ፣ ስለ ህልም ፍቺና ስለ አስማት የሚያወሩ ናቸው። ቁጥር 133 በተለጠፈበት መደርደሪያ ላይ፣ ከሥነ ልቦናዎቹ ጎን፣ ስንት ዓመት ተቀምጠዋል። ማንም ምንም ብሎ አያውቅም። ተማሪው ለማወቅ ብሎ ይወስዳቸዋል። ሌላው ደግሞ ግራ ቀኙን አይቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ የሰረቀ ይመስል እየተቻኮለ ይወጣል። እኔ የቀን ማኅተም መትቼ እሰጣለሁ፣ ቀን መትቼ እቀበላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። ቦርሳዋ ሲፈተሽ ከዐሥራ አራቱ አንዱ ተገኘ። እናቲቱ፣ ከገበያው ማዞሪያ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ መጽሐፉን ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረችው። የመርፌ መሰኪያው ትራስ እንኳ ከክንዷ ላይ አልወለቀም።

«ልጄን ምንድን ነው ያስነበብሻት?» አለችኝ።

«እህቴ፣ ሐኪም ዘንድ ወሰድሻት?» አልኳት።

«ለዚህ ሐኪም ምን ያደርጋል!»

በማግሥቱ የቀለም ሱቅ ያለው፣ ባለቀለም ሱቁ የምንለው ሰውዬ፣ የወላጆች ኮሚቴ አቋቋምኩ አለ። ከሱቁ በር ላይ ረጅም ወረቀት ለጥፎ ያስፈርማል። «የመተት መጻሕፍት ከልጆቻችን ፊት ይነሡ» ይላል። ጎረቤቴ ፈርማ ስትመለስ በሬን አንኳኳችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንዲያው ከነዚያ ውስጥ ለፍርድ ቤት ጉዳይ የሚሆን አለ ይባላል፣ እውነት ነው?» ብላ አትጠይቀኝ መሰለህ!

አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። እሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አንተ የሰጪው ልጅ ነህና «አባቴ እነዚህን መጻሕፍት ለሕዝብ የሰጠው እንዲነበቡ ነው» የሚል ሁለት መስመር ጻፍልኝ። ለማዘጋጃ ቤቱ አሳያለሁ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

ደግ ደጉን ያሰማን።

የአክስትህ ልጅ

*

ኅዳር 4

ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ለአንቺም ለአክስቴም ይድረስ። የአክስቴን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ይኸው አሁን እውነት ሆነልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም እንደ ነገሩ ነው።

የምሠራበትን መጋዘን ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። መጽሐፍ ማከፋፈያ ነው። ጠዋት ካርቶን ሞልቼ ከሰዓት መኪና ላይ እጭናለሁ። አንቺ የምትጨነቂላቸው ዓይነት መጻሕፍት እዚህ ባሕር ማዶ በገፍ ይታተማሉ። መደብሮቹ መስኮት ላይ ከሻማና ከመጫወቻ ካርድ ጋር ይደረደራሉ፤ ሰው እንደ ከረሜላ ይገዛቸዋል። የሚቆጣም የሚያፍርም የለም። እኔ ጓንት አጥልቄ ነው የማሽጋቸው።

የጠየቅሽኝን ደብዳቤ አልጽፍም። መጻሕፍቱን አውጫቸው። ሰዎቹ ልክ ናቸው። የአባቴ ስም የተጻፈበትን የመጀመሪያ ገጽም ከእያንዳንዱ ላይ ቅደጂው። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

እግዜር ይጠብቃችሁ።

ጭምቱ

*

ኅዳር 30

ለጭምቱ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጤና ስለሆንክ ደስ ብሎኛል። ደስታዬ እዚያ ላይ አለቀ።

«ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ» ነው ያልከኝ? እጠይቃለሁ እንጂ! ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። እናትህ ከሞተች በኋላ ራስህን ያጠብኩህ፣ ደብተርህን የጠረዝኩልህ እኔ ነኝ። እዚያ ሆነህ በቀን ስንት መቶውን በካርቶን እያሸግህ ለዓለም ትልካለህ፤ እዚህ ያሉኝን ዐሥራ አራት ደግሞ ቅደጂ ትለኛለህ። ዓይንህን በጨው ታጥበህ! ጓንት ማጥለቅህ ነው የሚያነጻህ?

ነገሩ እዚህ ከፍቷል። ኮሚቴው አራት ሰው ሆኖ ቢሮ መጣ። ኃላፊያችን ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፤ እኔን አቆመኝ። ባለቀለም ሱቁ እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም እንዳለ፣ «እነዚህን መጻሕፍት ላለፉት አምስት ዓመታት የወሰዱትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንፈልጋለን» አለ።

«ለምን?» አልኩት።

«በመካከላችን ማን እንዳለ እንድናውቅ ነዋ!»

«አልሰጥም።»

ኃላፊያችን «አንቺ፣ የታዘዝሽውን አድርጊ» አለኝ። የተዋሾች ስም ያለበትን የካርድ መሳቢያ ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። «ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ» አልኩ። ኃላፊያችን አፉ ያዝዛል እንጂ የሚፈርምበት እጅ የለውም።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፤ ምክንያቱን ልንገርህ። ያን ዝርዝር ባወጣው ነገሩ በአንድ ቀን ይበርድ ነበር። ከፈራሚዎቹ ስንቱ፣ ከቢሮው ከገቡት ከአራቱም ስንቱ፣ ካርዱ ላይ እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ስም ግን አልጠራም፤ ለአንተም ቢሆን። ሰው ያነበበውን የሚያውቀው እሱና እኔ ነን። ሃያ ሦስት ዓመት የሠራሁት በዚህ ነው።

ስለ መጻሕፍቱ አባትህ የነገሩኝ ነገር አለ። አንድ ቀን ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ። አንተ ግን ጠይቀህ አታውቅም።

ያችን ሁለት መስመር ጻፍልኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምለምንህ።

የአክስትህ ልጅ

*

ጥር 21

ሰላምታ የለኝም። ብትታመምም ብትድንም ዛሬ አልጠይቅህም።

ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ደብዳቤ ስጠብቅ ቆየሁ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደብዳቤህን ሰማሁት። አላነበብኩትም፣ ሰማሁት። በድምፅ ማጉያ!

ባለቀለም ሱቁ ከመቶ የማያንስ ሰው አስከትሎ ግቢያችን ገባ። ከሱቁ ያመጣውን ባዶ የቀለም በርሜል መሐል ላይ አቆመ። ከዚያ ደረጃው ላይ ወጥቶ ወረቀት ዘረጋና «የመምህሩ ልጅ ከባሕር ማዶ የላከልን ነው!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። «እኔ የሰጪው ልጅ ነኝ። መጻሕፍቱ ቤቴን ያፈረሱ ናቸው። ይወገዱ ዘንድ በአባቴ ስም እጠይቃለሁ።» ቃል በቃል። እጅ ጽሑፍህን ከሩቅ አወቅሁት፤ ያስተማርኩህ እኔ ነኝና። እኔ ሁለት መስመር ለምኜህ ከለከልከኝ፤ ለእነሱ ሦስት ጻፍክ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «የገዛ ዘመዷ እንኳ!» አሉ። ከዚያ በኋላ በሩን ማን ይዘጋዋል? ገፍተውኝ ገቡ።

ምን እንዳቃጠሉ ልንገርህ፤ እንድትተኛበት አይደለም፣ እንድታውቀው። ዐሥራ አራቱን አቃጠሉ። ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ የሥነ ፈለክ መማሪያ አንሥቶ «ይኸው ኮከብ!» ብሎ ጮኸ። «ወንድሜ፣ ይሄ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው፤ ጨረቃ እንዴት እንደምትዞር ነው የሚያስረዳው» አልኩት። «ጨረቃም አለበት!» አለና ወረወረው። የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ክብ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ተስሎበት ስለተገኘ ገባ። የዕፀዋት መጽሐፍ ሥራሥር ስላለበት ገባ። ዐሥራ አራት ሊያቃጥሉ መጥተው አርባ አንድ አቃጠሉ። ቆጥሬያለሁ፤ ቆሜ አንድ በአንድ ቆጥሬያለሁ። በርሜሉ ውስጥ የቀረው ቀለም ሲቀጣጠል ጭሱ አረንጓዴ ሆነ፤ ያን ጊዜ «አያችሁ! አያችሁ!» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። ባለቀለም ሱቁ ብቻ ምን እንደሆነ ያውቃል። እሱም ዝም አለ።

እኔ ከሥራ ታግጃለሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለው መጽሐፍ ሻጭ ደግሞ የእንዲህ ዓይነት መጻሕፍቱን ፈርቶ ከመስኮቱ አነሣና ከባንኮኒው ሥር ደበቃቸው። በሦስት ቀን አንድም አልቀረለትም፤ ሸጦ ጨረሰ። ሲነግረኝ ሳቁን መደበቅ አቅቶት ነበር።

አባትህ ከመቃብር ተነሥተው ቢሆን ያን ግቢ ማየት አይችሉም ነበር። አንተ ግን የት ታውቃለህ።

*

መጋቢት 12

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ብትቆጪም ጨርሰሽ አንብቢው።

ባለቀለም ሱቁ አብሮኝ የተማረ ነው፤ አድራሻዬን ፈልጎ ጻፈልኝ። ወረቀቱ ማዘጋጃ ቤት ይገባል ብዬ ነበር እንጂ እሳት ይነድድበታል አላልኩም። ማመካኛ ግን አይሆነኝም። ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት።

እናቴ እንዴት እንደሞተች ሁላችሁም «ሕመሙ ድንገተኛ ነበር» ትላላችሁ። ድንገተኛ አልነበረም። ሦስት ቀን ነበር። ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ቤት ውስጥ ከእነሱ ጋር የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ረቡዕ ጠዋት ሆዷን ይዛ ተጠቅልላ ነበር። መኪና ያለው ጎረቤት መጥቶ «ሆስፒታል ላድርሳት» አለ። አባቴ የሒሳብ መምህር፣ ከተማው ሁሉ የሚያከብረው ሰው፣ ከአልጋዋ ጎን መጽሐፍ ዘርግቶ ስሟንና የእናቷን ስም በቁጥር እያሰላ ነበር። «ለመንገድ ቀኑ ክፉ ነው፤ ቅዳሜ እንሄዳለን» አለው። እናቴ «እባክህ» አለችው። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። እሱ አልሰማትም፣ ይደምር ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሞተች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሱ ጋር ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ጭምቱ አላችሁኝ። ጭምት አልነበርኩም፤ ተናድጄ ነበር። ይኸው ሠላሳ ዓመት ተናድጃለሁ። እነዚያን መጻሕፍት ለሕዝብ መስጠቱን ስሰማ ምን እንዳልኩ ልንገርሽ? «እናቴ አልበቃችውም» ነው ያልኩት።

ስለዚህ መቃጠላቸው አይጸጽተኝም። ያንቺ መታገድ ግን ይጸጽተኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጭምቱ

*

ሚያዝያ 5

ጭምቱ፣

አነበብኩት። ለእናቴም አነበብኩላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ሦስት ቀን ነበር?» አለች። የገዛ ወንድሟ ለእሷም አልነገሯትም።

ለእኔ ግን ነግረውኛል።

ተቀመጥና አንብብ። አባትህ መጻሕፍቱን ሲያስረክቡኝ ዐሥራ አራቱን ለብቻ አስረው፣ ለብቻ ይዘው መጡ። ትልቁን ገለጡልኝ። ኅዳጉ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ተጽፎበታል። ያ ስሌት ባለበት ገጽ ላይ በዚያ በሚያምር የሰሌዳ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፦ «ይህን አምኜ ሚስቴን ሦስት ቀን አዘገየሁ። ሞተች። ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት፤ እንደ መጽሐፉ ከሆነ ልክ ነበርኩ። ስለዚህ መጽሐፉ ውሸት ነው፤ እኔም ደንቆሮ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ፈተኗቸው። መጽሐፉ ይሆናል ያለውን ሁሉ ቀኑን ጽፈው ይጠብቃሉ፤ ሳይሆን ሲቀር «አልሆነም» ብለው ከጎኑ ይጽፋሉ። በዐሥራ አራቱም፣ ገጽ በገጽ፣ አልሆነም፣ አልሆነም፣ አልሆነም። «ልጥላቸው አስቤ ነበር» አሉኝ፤ «ብጥላቸው ግን ሌላው ሰው ያልተጻፈበትን ንጹሑን ገዝቶ ያነባል። የእኔን ያንብብ።» በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚወስድ ሁሉ ቤቱ ደርሶ ሲገልጠው የሚያገኘው እሱን ነበር። ብዙዎቹ ሲመልሱ ዓይኔን አያዩኝም ነበር። አንዳንዶቹ «መምህሩ ናቸው የጻፉት?» ይሉኛል። ያቺ የልብስ ሰፊዋ ልጅም ያነበበችው ያንኑ ነው፤ ራሷን የሳተችው በደም ማነስ ነበር። መጻሕፍቱ ከተቃጠሉ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግማ ስትወድቅ ነው ሐኪም ዘንድ የደረሰችው። አየኸው? ያው ነገር ደግሞ ሊደርስ ነበር።

ከተማው ውስጥ የጥንቆላ መጽሐፍን በማስረጃ ያዋረደ መጽሐፍ እሱ ብቻ ነበር። እሱን ነው ያቃጠላችሁት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ትለኛለህ። አስምለውኝ ነበር። «ልጄ ራሱ እስኪጠይቅ አትንገሪው፤ ከጠየቀ ግን ገጹን አሳዪው» አሉኝ። በየበዓሉ ትጠይቃለህ ብዬ ጠበቅሁ፣ ሲሞቱ ትጠይቃለህ ብዬ ጠበቅሁ። ጥቅምት ላይ መሐላውን አፍርሼ ብጽፍልህ ኖሮ ያን ደብዳቤ አትጽፍም ነበር። ይህ የእኔ ነው፤ ተሸክሜዋለሁ። በአንተ ብቻ የተናደድኩ እንዳይመስልህ። በራሴም፣ በእሳቸውም ተናድጃለሁ። አንድ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ ምን ያህል ዝም ሊባባሉ ይችላሉ?

ይቅርታህን ለእኔ አትላክ። ወረቀት ሰልችቶኛል።

*

ግንቦት 9

እትዬ፣

ደብዳቤሽን መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። አለቃዬ «ታመሃል?» ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ሰኔ 14 እደርሳለሁ። የቤተ መጻሕፍቱን አዳራሽ አስፈቅጂልኝ። ባለቀለም ሱቁን ጥሪልኝ፤ የፈረሙትንም የቻልሽውን ያህል። የማነበው ወረቀት አልይዝም፤ በአፌ እናገራለሁ።

ጭምቱ

*

ሐምሌ 20

ለጭምቱ፣

በሰላም መግባትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እናቴ ከሄድክ ወዲህ «ፀጉሩ ሸብቷል፣ ማን ፈቅዶለት ነው?» እያለች ነው።

ያን ቀን በአዳራሹ የሆነውን እኔ እንዳየሁት፣ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ደግሞ አታውቅምና፣ ልንገርህ። አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው ነበር፤ ለማቃጠል መቶ፣ ለመስማት ሠላሳ። ባለቀለም ሱቁ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ይኸው! መጽሐፉ ሰው ገድሏል አላልንም?» ሲልህ መልስ ልሰጠው አፌን ከፍቼ ነበር። «መጽሐፍ አልገደላትም፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ አለመሄዳችን ነው የገደላት። አባቴ ያን ጽፎት ነበር። አንተና እኔ ነን ያቃጠልነው» ስትለው ተቀመጠ። ድምፅህ እንዲህ ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር። ስትጮህ ሰምቼህ አላውቅማ።

በማግሥቱ ልብስ ሰፊዋ መጣች። «እኔም እኮ ልጄን ሐኪም ዘንድ አልወሰድኳትም ነበር» አለችኝና ሄደች። ከሳምንት በኋላ ልጅቷ መጥታ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ለምን እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ በማስጠንቀቂያ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ባለቀለም ሱቁ ለማዘጋጃ ቤት ምርጫ ሊወዳደር ነው አሉ፤ ደህና ድምፅ ያገኛል። 133 ባዶ ነው። ኃላፊያችን «ባዶውን ቦታ ሌላ ነገር ሙይበት» አለኝ። አልሞላሁም። ለምን ባዶ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በቀን አንድ አይጠፋም፤ ለእያንዳንዱ እነግረዋለሁ።

ስትሄድ ከኅዳጉ የማስታውሰውን ሁሉ ጽፌ እንድልክልህ ለምነኸኝ ነበር። አልመለስኩልህም፤ ንዴቴ አልበረደም ነበር። አሁንም አልበረደም። ግን ይኸው፣ ያስታወስኩትን በሌላ ወረቀት አያይዣለሁ፤ ሃያ ስድስት ናቸው። ስለ ዝናብ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ጎረቤት ሙግት፣ ስለ እናቴ ዓይን። ሁሉም ላይ «አልሆነም» አለ።

አንዱን ግን ከዚያ ወረቀት ለይቼ እዚህ እጽፈዋለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ነበር፣ አንተ ድሮ ከአገር በወጣህበት ቀን የተጻፈ፦ «ዛሬ ልጄ ሄደ። ስሙንና የእናቱን ስም አሰላሁ። መጽሐፉ፣ ይመለሳል ያናግርሃልም ይላል።»

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። መጽሐፉን ለእኔ እስኪያስረክቡ ሦስት ዓመት በእጃቸው ነበር። ካስረከቡም በኋላ በየጊዜው እየመጡ ያን ገጽ ገልጠው ሲያዩ አይቻቸዋለሁ፤ እርሳስ ከደረት ኪሳቸው አይጠፋም ነበር።

ከጎኑ ምንም አልጻፉበትም።

የአክስትህ ልጅ